ሮዝ ቲሸርቶቹን ስለሰፋችው እህቴ

ለተከበሩ የጤና ጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎም የባለቤትዎም ጤና እንደተጠበቀ ይሰንብት እላለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው፤ ባለቤትዎ ባለፈው ዓመት በጡት ካንሰር ቀን መድረክ ላይ ወጥተው፣ ምስር የምታህል እብጠት በጊዜ ተገኝታላቸው መዳናቸውን ሲናገሩ በቴሌቪዥን አይቼ አልቅሻለሁ። የለበሱትን ሮዝ ቲሸርት የሰፋችው ታላቅ እህቴ ናት፤ ትርፍ ክሩን የቆረጥኩት ደግሞ እኔ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ነጻ የጡት ምርመራውን ከበዓልዎ በፊት ባለው ሳምንት፣ በሥራ ቀን፣ ልክ ቲሸርቶቹን ለማስረከብ ስንራወጥ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። እህቴ ፈቃድ ስትጠይቅ አለቃችን ትእዛዙ የጤና ጽሕፈት ቤት ስለሆነ ለጊዜው ለጤና ብሎ ከማሽን መነሳት እንደማይቻል በትሕትና አስረድተዋታል። እሷም ደረቱ ላይ «ቀድመሽ ተመርመሪ» የሚለውን ቲሸርት ስትገጣጥም ዋለች።

ሁለተኛ፣ እህቴ ጡት ላይ የነበረው እብጠት አላመማትም ነበር፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ዝም ብሎ አደገ። ሆስፒታል ስትደርስ እንቁላል አክሏል። ሐኪሙ ለምን እንደዘገየች ተቆጥተው ሲጠይቋት፣ መልሱ እርስዎ ዘንድ እንዳለ ስላላወቀች አንገቷን ደፋች። ያ አንገት መድፋት እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ተቀምጬ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ። ጡቷ ተቆርጧል፤ የጨረር ሕክምናው ወረፋ ግን አልደረሳትም። ባለቤትዎ በሳምንቱ እንደጀመሩ በዚያው መድረክ ነግረውናል። አልቀናሁም ብል እዋሻለሁ፤ የሁለቱም በሽታ አንድ ነው፣ በሽታው ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም። እህቴ እንዳትሞትብኝ እፈራለሁ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን እህቴ ተይ፣ ተቀይመው ወረፋዬን ያርቁብኛል ብላ ለምናኛለች።

ለጤናችን ስላሳዩት ርኅራኄ እጅ እየነሳሁ፣ መቀሴን ግን ሳላስቀምጥ፣
የዘወትር ታዛዥዎ፣
ክር ቆራጯ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዘንድሮው ትእዛዝ ደርሶናል፤ ምርመራውም እንደ አምናው በርክክቡ ሳምንት ውሏል። በእህቴ ማሽን ላይ የተተካችው ልጅ ብብቷ ሥር እብጠት እንዳገኘች በጆሮዬ ነግራኛለች። ስለዚህ በምርመራው ዕለት ማሽኖቻችንን አጥፍተን፣ ሁላችንም መጥተን እንሰለፋለን። ለበዓሉ እንግዶችዎ የየራሳቸውን ሸሚዝ ለብሰው እንዲመጡ ከወዲሁ ቢነግሩልን።