የአንድ ጆተኒ ዋጋ

ነቀምቴ፣ ኅዳር 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

ዛሬ በጋሽ ሸምሱ ሱቅ በረንዳ ላይ ጓደኛዬ ቶለሳ ጆተኒ አሸነፈኝ። ደንቡ ያው ነው፤ ተሸናፊ ይከፍላል፣ አሸናፊ እዚያው ቆሞ ሌላ ተጋጣሚ ይጠብቃል። ልከፍል ሱቅ ውስጥ ገባሁ።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ለአምስት ኳስ አስር ሳንቲም? ዘረፋ እኮ ነው!" አልኳቸው።

"ከተወደደብህ አትጫወት" አሉኝ። እኔ ግን ሙጭጭ አልኩ።

ቶለሳ ከበረንዳው በኦሮምኛም በአማርኛም "ኮቱ! ና እንጂ! ልድገምህ!" እያለ ይስቅ ነበር።

ወዲያው መኪና ቆመ፤ የታጣቂዎች ጩኸት ተሰማ። ጋሽ ሸምሱ በሩን ዘግተው አፌን በእጃቸው ያዙኝ። ስንወጣ በረንዳው ባዶ ነው። ለውትድርና አፍሰውታል። ሳንቲሙን ለጋሽ ሸምሱ ብሰጣቸው እምቢ አሉ፤ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ነው።

ነገ እናቱ አዴ ጫልቱ "አንተስ የት ነበርክ?" ይሉኛል። ሒሳብ በዛብኝ ብዬ ስጨቃጨቅ ነበር ልበላቸው?