«ኔትወርክ ነው» አልሽኝ

ከደብረ ታቦር፣ ጅዳ ላለችው እህቴ ለእሌኒ፤ የናፍቆት ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ።

ሳስተምር ጠመኔው ድንገት ከእጄ ወደቀ፤ አንደበቴም ተያዘ። እማዬ «የሰው ዓይን ነው» ብላ ጣራ ገዳም ጸበል አስጠመቀችኝ። ሐኪሙ ግን የአንጎሌ ደም ሥሮች እየጠበቡ መሆናቸውን ነገረኝ። «በወጣት ላይ ብዙ አይታይም፤ እህት ወንድም ላይ ግን ሊኖር ይችላል» አለኝ።

ይህን የሰማው እጮኛዬ ታሪኩ ሽማግሌዎቹን መልሶ ላከ። ሲያጩኝ «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» ብለው የቆሙት፣ አሁን ሳንጋብዛቸው ተቀመጡ። «ልጃችን በሽተኛ አያገባም» ሲሉኝ «እኔም ፈሪ አላገባም» አልኋቸው። ሲወጡ ግን አለቀስኩ።

የጓሯችን ድንች ዘንድሮ አምሯል። ባለፈው ስትደውዪ ስሜን መጥራት አቅቶሽ ዝም አልሽ፤ ኋላ «ኔትወርክ ነው» አልሽኝ። እጅሽስ ይደነዝዛል?

እመብርሃን ትጠብቅሽ። ሐኪም ሳያይሽ «ኔትወርክ ነው» ብትዪኝ ከእንግዲህ አልቀበልም።

እህትሽ መሰረት