ዓይናቸውም ዕረፍት ይገባዋል

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

«ከዛሬ ጀምሮ የዘር ንጽህና ምርመራ ጠረጴዛ በወይዘሪት ሬንጋኒስ ኃላፊነት ሥር ይሆናል። ፓክ ዊራንታ ወደ እርጥበት መለኪያ ክፍል ተዛውረዋል። ለብዙ ዓመታት አገልግሎታቸው እያመሰገንን፣ ዓይናቸውም ዕረፍት ይገባዋል እንላለን። ሁዳያ፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ።»

ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። አንድ ፊደል አልጨመርኩም። ሰሌዳው ላይ፣ ከጠፋ የሞተር ሳይክል ቁልፍ ማስታወቂያ በታች ተለጥፏል። ቁልፉ ከኔ ከዊራንታ በላይ ነው።

ሌላው ሁሉ እንደማንኛውም ሰኞ ነበር። ዝናብ የለም። ሞተሬን ከዛፉ ጥላ ሥር አቆምኩ፤ ዘበኛው ስለ ኳስ አወራኝ። ገብቼ ወንበሬን ልስብ ስል የሴት ሹራብ ተሰቅሎበታል።

ዓይናቸው! ስለ ዓይኔ ማን ነገረው? ማታ ማታ እንደሚያለቅስ... ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እንደ ሬንጋኒስ ስድስት ዓመት አጠገቤ የተቀመጠች ሰው ግን ታያለች። ወረንጦ አያያዝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ስትመጣ እህል በጣቷ የምትነካ ልጅ ነበረች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

እርጥበት ክፍል። ሦስት ምድጃ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ ኦዳንግ።

«እንኳን ወደ ገሃነም በደህና መጡ፣ ፓክ!» አለኝ ምድጃውን እየከፈተ። «እዚህ ዓይን አያስፈልግም። ላብ ብቻ ነው የምንፈልገው።»

«ዝም በል፣ ኦዳንግ።»

«እሺ፣ እኔ ዝም እላለሁ። ሙቀቱ ግን እንጃ።»

መሃል ላይ የመስታወት ግድግዳ አለ። በዚያ በኩል እሷ ትታየኛለች። መስኮቱ ወደ ደቡብ ነው፤ ብርሃኑ ከጠዋት እስከ ማታ አይለዋወጥም። ያንን ጠረጴዛ እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከአናጺው ጋር ተጣልቼ።

ደግሞ ታንጎራጉራለች። እህል ፊት ተቀምጦ ማንጎራጎር! ገለባ በትንፋሽ እንደሚነሳ አታውቅም? በእረፍት ሰዓት ቴምፔ፣ የአኩሪ አተር ጥብስ፣ አዞረች። ለኔም አመጣችልኝ። አልራበኝም አልኳት። ርቦኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

አባህ ካርሳ መጣ። የቺራንጃ መንደር የሩዝ ዘር አምራቾች ሽማግሌ ነው። ናሙናውን ሁልጊዜ ራሱ ነው የሚያመጣው፤ የመስክ ተቆጣጣሪው ያሸገውን ከረጢት እንደ ሕፃን ታቅፎ። ሁልጊዜም በቀጥታ ወደኔ ጠረጴዛ።

«ዊራንታ የት አለ?» ሲል በመስታወቱ በኩል ሰማሁ።

«እርጥበት ክፍል ናቸው፣ አባህ። ይቀመጡ፣ ደክሞዎታል።»

ተቀመጠ! ሻይዋን ጠጣ። አንድ ነገር አለችው፣ በጥርሱም በድዱም ሳቀ። ስንት ዓመት ሙሉ ከኔ ጋር ሲቀመጥ እንዲህ ስቆ ያውቃል? አላስታውስም።

ሲወጣ ወደኔ ጎራ አለ።

«ልጄ፣ ሞቅ ያለ ቦታ ሰጡህ።»

«ሰጡኝ፣ አባህ።»

«ልጅቷ ጎበዝ ናት። አንተን ትመስላለች። አትስቅም።»

«አሁን ስትስቅ አልነበር?»

«ለኔ ነው እንጂ ለዘሩ አይደለም።»

ከስቷል። ሚስቱ አምቡ ከሞተች ወዲህ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ዘሩን በየዓመቱ አብራው የምታዘጋጀው እሷ ነበረች። ዘንድሮ ብቻውን ነው ያዘጋጀው። ልጠይቀው ፈልጌ ነበር... አልጠየቅኩም። ሻይዋን ስለጠጣ ነው? አዎ። ሻይዋን ስለጠጣ ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

የቺራንጃ ዘር ወደቀ።

ሬንጋኒስ ከናሙናው ውስጥ ባዕድ እህል አገኘች። ቅርፊቱ ቀላ ያለ፣ ጫፉ ላይ ረጅም ጢም ያለው ሩዝ። ከሚፈቀደው በላይ። በነጭ ሳህን ላይ ደርድራ ለሁሉም አሳየች። በጥቁር ወረቀት ላይ እንጂ በነጭ ሳህን አይደለም ብዬ ስንቴ ነግሬያታለሁ... ይሁን። እህሎቹ ግን አሉ።

ሁዳያ ፈገግ አለ። ይህ ሰው ምንጊዜም ፈገግ ይላል፤ አዎ ለማለትም፣ እምቢ ለማለትም፣ ምንም ላለማለትም። «የቺራንጃ ዘር በየዓመቱ ንጹሕ ተብሎ ያልፍ አልነበረም እንዴ?» አለ። «ያኔ ማን ነበር ያየው?»

አንድም ሰው ወደኔ አልዞረም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

ከኋላዬ አንዱ በሹክሹክታ፣ «ለካ ዓይኑ ዕረፍት የፈለገው ለዚህ ነው።»

እኔ ነኝ ያየሁት። በየዓመቱ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እሷ ልክ ከሆነች እኔ ዕውር ነበርኩ ማለት ነው። እኔ ልክ ከሆንኩ... እሷ ተሳስታለች። ሌላ መንገድ አይታየኝም። የቺራንጃ ሰዎች ደግሞ ዝናቡ እንደገባ መዝራት አለባቸው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 13

ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ገባሁ። ናሙናውን እኩል የሚከፍለውን መሣሪያ ፈትቼ በብሩሽ እያንዳንዱን ጥግ ጠረግኩ። ከሌላ ናሙና የተረፈ አንድ ቀይ እህል ተሰንቅሮ ባገኝ... አንድ ብቻ። እንዴት እንደተመኘሁት ለራሴ እንኳ መጻፍ ያሳፍራል።

ምንም የለም። ከኔ በተሻለ ነው የምታጸዳው። ይህም አናደደኝ።

ከዚያ ከቀዝቃዛው ክፍል የአምናውን የቺራንጃ ናሙና አወጣሁ። ከእያንዳንዱ ጥቂት እናስቀራለን። በማጉያው አንድ በአንድ አየሁት። ዓይኔ አለቀሰ፤ ጠርጌ ቀጠልኩ። ንጹሕ ነው። አንድ ጢም የለበትም።

«ፓክ፣ ምን እየፈለጉ ነው?»

ሬንጋኒስ ከኋላዬ ቆማለች።

«ስህተት።»

«የኔን ነው የእርስዎን?»

«የተገኘውን።»

«እና... ተገኘ?»

«አልተገኘም።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። የአምናውን ራሷ አየችው፣ ሳትቸኩል። ጨርሳ ወረንጦውን አስቀመጠች። «ንጹሕ ነው፤ ልክ ነበሩ።» ከዚያ የዘንድሮዎቹን ቀይ እህሎች አቀረበችልኝ። «ይህን ዝርያ ግን አላውቀውም። እርስዎስ?»

አውቀዋለሁ። የእናቴ መንደር ሩዝ ነው። ረጅሙ፣ በማጭድ ሳይሆን መዳፍ ውስጥ በምትደበቅ ትንሽ ቢላ አንድ በአንድ የሚቆረጠው። ዛሬ ለሽያጭ የሚዘራው የለም።

«እንጃ» አልኳት።

ለምን? እሷ የማታውቀው አንድ ነገር እንዲኖረኝ ስለፈለግኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ዛሬም አልነገርኳትም። ሁለት ጊዜ ደህና ዋሉ አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ቺራንጃ ሄጄ መጣሁ። አፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ደመናው ግን በተራራው ላይ መቆም ጀምሯል።

አባህ ካርሳ ጎተራውን ከፈተልኝ። ውስጥ፣ ከዘሩ ከረጢቶች ራቅ ብሎ፣ አንዲት ነዶ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ቀይ፣ ጢማም።

«እናትየዋ ናት፣ የሩዙ ሁሉ እናት» አለኝ። «ታውቃታለህ እንጂ። የናትህም ጎተራ ውስጥ ነበረች።»

«አውቃታለሁ። ከሚዘራው ዘር ጋር ግን ምን አገናኛት?»

«እፍኝ ከሷ ሳይገባበት የትኛው ዘር ነው መንገዱን የሚያውቅ? በየከረጢቱ እፍኝ እፍኝ አደረግኩ። ሁልጊዜ የሚደረግ ነው።»

«ሁልጊዜ አይደለም፣ አባህ! የአምናውን አይቼዋለሁ። አንድም አልነበረበትም።»

ወደ ነዶዋ ጎንበስ አለ። «አምቡ ነበረች የምትጨምረው። ነገሩ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ አያይም።» ጨርቁን አስተካከለላት። «መቼ ነበር የምትጨምረው?»

«እኔን ነው የሚጠይቁኝ?»

«ማንን ልጠይቅ ታዲያ? እሷን ልጠይቅ?»

የጎረቤት ሴት ናት ከደጅ የመለሰችልን። አምቡ እፍኟን የምትጨምረው ዘሩ ለመዝራት ውኃ ውስጥ ሲነከር ነበር፣ መጨረሻ ላይ፤ ተቆጣጣሪው ናሙናውን አሽጎ ከሄደ ከስንት ቀን በኋላ። እሱ ደግሞ ብቻውን ሲቀር ገና ከረጢቱ ሳይታሰር ጨመረው።

«ታዲያ ዘሬን የጣለችው እሷ ናት?» አለ ነዶዋን እያየ።

«አይ፣ አባህ። ቀኑ ነው። እሷ ምንም አላደረገችም።»

እኔ ዕውር አልነበርኩም። ሬንጋኒስም አልተሳሳተችም። ሁለታችንም ልክ ነን። መንገድ ሙሉ ሞተሬ ላይ ደስ ሊለኝ ሞክሬ ነበር... ግማሹ ብቻ ነው የመጣልኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ለሚስቴ ለቺቺህ ሁሉንም ነገርኳት። በመጨረሻም፣ «ያቺ ልጅ ስለ ዓይኔ ለሁዳያ ባትናገር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» አልኳት።

የምሳውን ሳህን ማጠቧን አቆመች።

«ካንግ ዊራንታ፣ እኔ ነኝ የነገርኩት። የሁዳያ ልጅ ሠርግ ላይ።»

«አንቺ?»

«በየማታው ዓይንህን ይዘህ ስትቀመጥ ማን ነው የሚያይህ? ሬንጋኒስ ናት? ትንሽ አሳርፉልኝ አልኩት። ሰሌዳ ላይ ለጥፉልኝ አላልኩም።»

ያለ እራት ተኛሁ። ሳህኑ ውስጥ የተውኩት ዓሣ ነበር። እሱም ይናፍቀኛል።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ነገርኳት። ለሬንጋኒስ፣ ዝርያውን እንደማውቀው ጭምር።

«ባለፈው ሰኞም ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ መጽሐፍ ሳገላብጥ ነበር፣ ፓክ!» ፊቷ ቀላ። ከዚያ፣ «በነጭ ሳህን ስለደረደርኩት ተናደው ነው?»

«እሱም አለበት።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ለሁዳያም አብረን ነገርነው። የመንደሩ ሴቶች ዘሩን በሰፌድ ዘርግተው ጢማሙን ሊለቅሙ፣ ተቆጣጣሪውም እንደገና ናሙና ሊወስድ ተስማማን። የናትየዋ እፍኝ ሲነከር ይገባል፣ ለራሳቸው ማሳ ብቻ፤ ያ የኛ ጉዳይ አይደለም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27

አዲሱ ናሙና አለፈ። እሷ አየችው፣ ፈረመች። ቺራንጃ ይዘራል። ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ደበደበው። ኦዳንግ ደጅ ወጥቶ ራሱን አስመታ። «እርጥበት ይሉሃል ይህ ነው!» እያለ።

ሁዳያ ቢሮው ጠራኝ። በሩን ዘጋ። ፈገግታ።

«ፓክ ዊራንታ፣ ጠረጴዛዎ ሊመለስልዎት ነው።»

ልቤ እንዴት እንደዘለለ...

«የወረዳው ሰዎች የዘር መዝሪያውን በዓል ቺራንጃ ላይ ሊከፍቱ ነው። የወደቀ ውጤት መዝገብ ላይ ሲቀመጥ ደስ አይልም። የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ስህተት ነበር ብለን እንዝጋው። ወይዘሪት ሬንጋኒስ ወጣት ናት፣ ትረሳዋለች። እርስዎ አጣርቼ ስህተቱን አግኝቻለሁ ብለው ቢፈርሙ፣ ማንም አይጠይቅም።»

«እህሎቹ ግን ነበሩ።»

«ነበሩ። አሁን የሉም።»

«ይታሰብበት» ብዬ ወጣሁ። ለምን እዚያው እምቢ አላልኩም?

ሁሉም ሲሄዱ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጥኩ። ወንበሩን ዝቅ አድርጋዋለች፤ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። ከፍ አደረግኩት። መስኮቱ ዝናብ ቢሆንም ብርሃኑ ያው ነው። ከቺራንጃ ናሙና ላይ አንድ ቁንጣሪ አፍስሼ መለየት ጀመርኩ። ገና ብዙ ሳልሄድ እህሎቹ ሁለት ሁለት ሆኑብኝ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ያቺን ማስታወቂያ አሰብኩ። የተለጠፈችበት ቦታ ስህተት ነው፤ ቃሏ ግን ውሸት አይደለም...

ወንበሩን እንደነበረው ዝቅ አድርጌ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ዛሬ ጠዋት ያስገባሁት። ግልባጩን እዚህ አስቀራለሁ።

«ለላቦራቶሪው ኃላፊ፣ ለፓክ ሁዳያ።

ትናንት በቢሮዎ ያቀረቡልኝን አልቀበልም። የቺራንጃ የመጀመሪያ ናሙና በወይዘሪት ሬንጋኒስ የተመረመረው በትክክል ነው። እህሎቹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ መሣሪያዋንም ስህተት እንዲገኝባት እየተመኘሁ ፈትሼ አላገኘሁባትም። ውጤቱ እንዳለ መዝገብ ላይ ይቆይ። ምክንያቱን ከሥሩ ይጻፉበት፤ የመንደሩ ሰዎች አያፍሩበትም፣ ጠይቄያቸዋለሁ።

ያለፉት ዓመታት ውጤቶችም ትክክል እንደነበሩ፣ የተቀመጡት ናሙናዎች እንደገና ታይተው፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ከሞተር ሳይክል ቁልፍ በላይ።

ጠረጴዛው የሷ ነው። አልጠይቅም። ዓይኔ ይደክማል፤ ይህን ከኔ መስማት ነበረብዎት፣ እኔም ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። በነጭ ሳህን መደርደሯን ግን ትተወው። ለዚህ ስል በሳምንት አንድ ቀን አጠገቧ እንድቀመጥ ይፈቀድልኝ።

ለእያንዳንዱ እስከ ዓርብ፣ ኦክቶበር 31፣ ከቀትር በፊት በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። ፈገግታን እንደ መልስ አልቀበልም።

ዊራንታ፣ እርጥበት መለኪያ ክፍል።»