ዝቅ ብሎ የሚበር

ሰኞ

ቡሬ ሞተች። ርጉዝ ነበረች።

ትናንት ያ ድሮን እያጉረመረመ አጥራችን ድረስ ሲወርድ ደንብራ አጥሩን ጥሳ ገደል ገባች። የሚያበርረው ሄኖክ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ቪላ ሊሠራ ለመጣው ድርጅት መሬት ይቀርጻል። የእኛንም ጭምር። ላሟ ስትወድቅ አይቷል። የድርጅቱ መኪና ውስጥ ገብቶ መስታወቱን ዘጋ።

አባባ «ተይው ጫልቱ፣ በሰማይ የሚሄደውን ማን ይከሳል?» አሉኝ።

እኔ እከሳለሁ። ካልሆነም አወርደዋለሁ።

ማክሰኞ

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። «አገር እንዲህ በታመሰበት ሰዓት ስለ ላም ታወሪያለሽ?» አለኝ ተረኛው። ሳቁብኝ።

ሕግ ለሚማረው ለአክስቴ ልጅ ለቶሎሳ ደወልኩ። ሌላ አገር ከመቶ ሃያ ሜትር በላይ ማብረር ክልክል ነው አለኝ። እዚህ ደግሞ ፈቃድ ይጠየቃል እንጂ ከፍታውን በትክክል የሚያውቅ አላገኘም።

«ዝቅታውስ?» አልኩት።

«ምን ዝቅታ?»

«ላም እስኪያስደነብር መውረድስ?»

«ስለሱ ያነበብኩት የለም» አለ።

ላይ የሚሄዱት አውሮፕላኖች ሕግ አላቸው። ታች ያለነው የለንም።

ረቡዕ

ድሮኑ ዛሬም መጣ። ጓሮ ልብስ ሳጥብ አናቴ ላይ ቆመ። ጡጫዬን አሳየሁት። ትንሽ ቆይቶ ሄደ።

አባባ ወፍ የሚያባርሩበትን ወንጭፍ አወረድኩ። ልጅ እያለሁ ከወንድሞቼ እበልጥ ነበር። ባሕር ዛፉ ላይ ሞከርኩ። ቅጠል ብቻ ረገፈ። ክንዴ ዛለ። ነገም እሞክራለሁ።

ሐሙስ

መንገዱ ተዘግቷል። አዲስ አበባን ወደ እርሻችን የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን የሚቃወሙ ተማሪዎች ጎማ አቃጥለዋል። ከከተማው በኩል ተኩስ ሰማን። የማን ልጅ እንደተመታ ገና አልታወቀም።

ድሮኑ አልመጣም። ሰው እየሞተ እኔ በዚህ ተናደድኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ዓርብ

መታሁት!

የመጀመሪያው ድንጋይ ሳተ። ሁለተኛው ክንፉን ሰበረውና የገብሱ ክምር ላይ ተከሰከሰ። እልል አልኩ። ብቻዬን እልል!

ሄኖክ ሊያነሳው በማሳው እየሮጠ መጣ። ከአስፋልቱ ወጣቶች አይተውት ኖሮ ዱላ ይዘው ተከተሉት። እግሬ ሥር ወደቀ። «እህቴ፣ በእናትሽ!»

«ኦቦ ድሪባ፣ ሰላይ ነው! ይስጡን!» አሏቸው አባባን።

አባባ በሩ ላይ ቆሙ። «ዲሳ! ተዉት!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ላሟ ያንቺ ነበረች። አንቺ ተናገሪ።»

«ውሰዱት» ልል ነበር። እውነቱን ልጻፍ፣ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ልጁ ሱሪው ላይ ሸንቶ ነበር።

«ድሮኑን የጣልኩት እኔ ነኝ። ቂሙም የኔ ነው። ማንም አይነካውም» አልኩ። እያጉረመረሙ ሄዱ።

በረት አስገባሁትና የቡሬ ቦታ ላይ ቁጭ በል አልኩት። እንዴት እንደሞተች አንድ በአንድ ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

«አለቃዬ ነው ዝቅ በል ያለኝ» አለ። «ከፍ ካልን አውሮፕላን ማረፊያው ይከሰናል ብሎ ነው። ስትወድቅ አይቻለሁ። ወርጄ ይቅርታ ማለት ነበረብኝ።»

እዚያው እደር ብዬው በረቱን ዘግቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ አባባ በባሕር ዛፉ ውስጥ ሸኙት። ከመውጣቱ በፊት «ድሮኑን ስጪኝ፣ ከሥራ ያባርሩኛል» አለ።

«ላሜን ስጠኝ» አልኩት።

አልሰጠሁትም። የድርጅቱ ሰዎች ተመልሰው ይመጡ ይሆን? ፖሊስ ይዘው? አባባም ይህንኑ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ልቤ ገና አልበረደም፤ ያ አለቃው የሚባለው ደግሞ አለ። ብቻ አባባ መንገዱ ተከፍቶ ልጁ አስፋልቱ ላይ በሰላም መኪና አገኘ ሲሉኝ፣ ሳላስበው «ተመስገን» አልኩ።