ተርፎኝ ነው ያልከው ፕሮሰሰር

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድም ዓለሜ፤

ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። ቤት ከሆንክ እቤት፣ ማተሚያ ቤት ከሆንክ ከወረቀቱ ክምር መሀል፣ መንገድ ላይም ከሆንክ ቆም ብለህ ተቀበለኝ። እንደምን ሰነበትክልኝ? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ ጠረጴዛ ትደገፋለህ? የእማዬ ዓይንስ እንዴት ነው? መድኃኒቱን በሰዓቱ ታደርጋለች ወይስ እንዳያልቅ ብላ እየቆጠበች ነው? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጃችሁ ድምቡሼስ፣ ጉንጮቿ እንደዚያው ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም። እስከዚህ ድረስ ለእማዬ አንብብላት። ከዚህ በታች ያለው ላንተ ብቻ ነው።

ደብዳቤው የሚደርስህ ከትንሽ ጥቅል ጋር ነው። ጥቅሉን ገና ካልከፈትከው ይቆይ፤ መጀመሪያ አንብብ። ከፍተኸው ከሆነም አትቆጣ። አንተ ስትቆጣ ዝም ነው የምትለው፤ እኔ ደግሞ ከጩኸት ይልቅ ዝምታ ያስፈራኛል።

የዛሬ ሦስት ሳምንት በስልክ "ፕሮሰሰሩን አስገጠምሽው?" ስትለኝ "አዎ፣ ማሽኑ አሁን ይበራል" አልኩህ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁህ። አላስገጠምኩትም። እሽጉ እንኳን አልተፈታም ነበር። ለምን እንደዋሸሁ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አሰብኩበት። ስትጠይቀኝ ድምፅህ ውስጥ ሳቅ ነበር። ያንን ሳቅ ማጥፋት አንጀቴ እምቢ አለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ወይም አለኝ፣ እመጣበታለሁ።

ሥራዬን በቅጡ አስረድቼህ አላውቅም። ስፌት ቤቱ ውስጥ ቅድ አውጪ ነኝ። ሸሚዝ ሲታዘዝ እጅጌውን፣ ኮሌታውን፣ ጀርባውን ላፕቶፔ ላይ እስላለሁ። ከዚያ ፕሮግራሙ ክፍሎቹን እያዟዟረ ጨርቅ በማይባክንበት መንገድ ይደረድራቸዋል። እስኪደረድር እኔ እጠብቃለሁ። ድሮ አራት ደቂቃ ነበር የሚፈጅበት። ካለፈው ዓመት ወዲህ አሥራ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ አሥራ አምስት። መቀስ የያዙት ሴቶች ጠረጴዛውን ከበው ያዩኛል። የቆራጮቹ አለቃ፣ በቁመቷ የተነሳ "ሜትር" የምንላት፣ "ስሚ እስቲ፣ ያንቺ ማሽን እየሠራ ነው ወይስ እየጸለየ?" ትለኛለች። ሁሉም ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ። አንድ ቀን ግን ለብቻዬ ጠርታ፣ ሳትቀልድ፣ እስከ የካቲት መጨረሻ ካልተሻሻለ ቅዱን ውጭ እንደሚያሠሩት ነገረችኝ። እኔ ወደ መስፊያዎቹ መደዳ እመለሳለሁ ማለት ነው። ጠዋት ቁልፍ መትከል፣ ከሰዓት ቁልፍ መትከል።

ይህን አንስቼ አማረርኩልህ። ለማማረር ብቻ ነበር፣ እመነኝ። አንተ ግን እስከ መጨረሻው ሰማህና "ፕሮሰሰሩ ነው፣ የማሽኑ አንጎል ደክሞ ነው፣ ይቀየር" አልክ። ብዙም ሳይቆይ በመንገደኛ እጅ ተላከልኝ። የእማዬን የዓይን መድኃኒት ካርቶን ቆርጠህ ሳጥን ሠርተህለታል። ላዩ ላይ በእጅ ጽሕፈትህ "ተርፎኝ ነው፤ አስገጥሚው" ይላል።

ላፕቶፖቻችን መንታ መሆናቸውን አስታውሳለሁ። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን ሲያወጣ አንድ ቀን ነው የገዛናቸው። ልዩነታቸው ፕሮሰሰራቸው ነው፤ የአንዱ ይበልጣል። ዕጣ አውጥተን የሚበልጠው ላንተ ወጣ። አንድ ሳምንት ሙሉ "የኔው ፈረስ" እያልክ አበሸቅከኝ። እንግዲህ ከኔው ማሽን ጋር የሚስማማ፣ ከኔው የሚበልጥ ፕሮሰሰር ከየት ይተርፍሃል? ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። አይ፣ ማሰብ አልፈለግኩም። ሳጥኑን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ በየቀኑ መሳቢያውን እያየሁ አልከፍተውም። ማሽኑ ከተፈታ የማይነሳ ይመስለኝ ነበር፤ ለራሴ የነገርኩት ይህንን ነው።

ባለፈው ሰኞ ውሸቴን እውነት ላደርግ ወደ ላፕቶፕ ጠጋኙ ሄድኩ። ሰዉ ሁሉ "ቆይ" ይለዋል፤ ምንም ብትጠይቀው መልሱ የሚጀምረው "ቆይ" ብሎ ነው። ሱቁ ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ ትከሻውን ማጥበብ አለበት። ፕሮሰሰሩን እንዲገጥምልኝ ስነግረው "ቆይ፣ መጀመሪያ የነበረውን ልየው" አለና የላፕቶፑን ሆድ ፈታው። ከዚያ በመቆንጠጫ ከማራገቢያው ላይ አንድ ግራጫ ነገር ስቦ አወጣ። የጨርቅ ብናኝ ነው፤ ተጠቅጥቆ ጨርቅ ሆኗል። "እህቴ፣ ይሄ ላፕቶፕ ነው ወይስ ፍራሽ?" አለኝ። ቀጥሎ ምን ላይ እንደማስቀምጠው ጠየቀኝ።

ምን ላይ እንደማስቀምጠው ታውቃለህ? ወደዚህ ስመጣ እማዬ ሰፍታ የሰጠችኝ ትራስ ላይ። የመቁረጫው ጠረጴዛ ብረት ነው፣ ይቆረቁረዋል ብዬ። እኛ ቤት የተወደደ ዕቃ ባዶ ቦታ ላይ ተቀምጦ ያውቃል? ሬዲዮው ልብስ ነበረው። የግድግዳው ሰዓት እንኳን ከኋላው ጨርቅ ነበረው። እኔም ላፕቶፑን ሦስት ዓመት ሙሉ ትራስ አስደገፍኩት። ለካ አየር የሚስበው በሆዱ በኩል ነው። ቆይ ሳቀና "በፍቅር አፍነሽዋል" አለኝ። ሲሞቅ እንዳይቃጠል ራሱ ሥራውን እንደሚያዘገየውም ነገረኝ። "ሰነፍ አይደለም፣ ፈርቶ ነው" አለ። ሰውየው ስለ እኔ የሚያወራ መሰለኝና አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ሳጥንህን ሰጠሁት። መብራቱ ሥር አድርጎ አገላበጠው። "ቆይ። ይሄ ከየት መጣ?" አለ። ወንድሜ ተርፎት ልኮልኝ ነው አልኩት። "ይሄማ አልተረፈም" አለኝ። ዳር ዳሩ ላይ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት ቀርቶ ነበር፣ ገና እርጥብ። አንድ ቀጭን የጥጥ ክር ተጣብቆበታል። በቅርብ ጊዜ ከሚሠራ ማሽን የወጣ ነው፣ ያወጣው ሰው ሙያተኛ ባይሆንም ተጠንቅቆለታል አለ። ጥጡን ሳይ እጅህን አየሁት። በእማዬ የዓይን ጥጥ፣ ትንፋሽህን ይዘህ፣ ስትጠርገው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ለባለቤትህ ደወልኩ። ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ስለ ላፕቶፕህ ጠየቅኳት። መጀመሪያ ስለ ድምቡሼ ጥርስ አወራችልኝ። ቀጥላ "ኧረ እሱ ቁም ሳጥን ላይ ወጥቷል፣ ለጊዜው ይረፍ ብሎ" አለችኝ። አንተ የምትሠራው የልጆች መጽሐፍ ሠላሳ ሁለተኛው ገጽ ላይ መቆሙንም ነገረችኝ። ማተሚያ ቤት ውስጥ የግል ሥራ አይፈቀድም፣ ስለዚህ ሥዕሎቹን በእርሳስ እየሣልክ ታስቀምጣለህ። "እኔ እንደነገርኩሽ እንዳትነግሪው፣ ጉዴ ይፈላል" ብላኛለች። ይኸው ነገርኩህ። እሷን እንዳትቆጣ። ከፈለግክ እኔን ተቆጣ።

ከሰኞ ጀምሮ ሁለት ቀን ከራሴ ጋር ስሟገት ቆየሁ። እውነቱን ልጻፍልህ። ቆይ ብናኙን ጠርጎ፣ ቅባቱን አድሶ ሲመልሰው፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ስሞክረው ማሽኔ እንደ ድሮው በአራት ደቂቃ መደርደር ጀመረ። ያንተ ቢገባበት ሦስት ደቂቃ ይሆናል አለኝ፣ ግን በሙቀቱ ማራገቢያዬን ያስጨንቀዋል። ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ነው። ያም ሆኖ "ግጠመው" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ብገጥመው ውሸቴ እውነት ይሆናል። ደግሞም የሰጠኸኝን መመለስ ፊትህን መመለስ መሰለኝ። ደግሞም፣ እመጣበታለሁ ያልኩህ ይሄ ነው፣ ፈልጌው ነበር። ያ የዕጣው ቀን አሁንም ሆዴ ውስጥ አለ። የሚበልጠው አንድ ቀን እንኳን የኔ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ! ስጽፈው ራሴን አሳቀኝ።

ትናንት ላፕቶፑን አራት ባዶ የክር ማጠንጠኛ ላይ አቁሜ ሥራ ጀመርኩ። ሜትር ሰዓቷን እያየች ቆመች። አራት ደቂቃ። "ጸሎቱ ተሰማ በሉኛ!" ብላ መቀሷን አነሳች። ቅዱ እዚሁ ይቀጥላል፣ እኔም እዚሁ። ዛሬ ጠዋት፣ በብርሃን፣ ፕሮሰሰርህን በዚያችው ካርቶን መልሼ አሸግኩት።

ወንድም ዓለሜ፣ አልፈለግኩትም ብዬ አይደለም። ደርሶኛል። የምልህን አስተውል፦ ደርሶኛል። ባትልከው ኖሮ ጠጋኙ ጋር አልሄድም ነበር፤ ፈርቼ፣ በትራሴ አፍኜው፣ በወሩ መጨረሻ ሥራዬን አጣ ነበር። እህቱ ስላማረረች ብቻ የራሱን ማሽን ፈትቶ የሚያወጣ ሰው አለኝ። ብዙ ቀን ሰው መሀል ስቀመጥ ማንም የሌለኝ ይመስለኛል፤ ምክንያቱን አላውቀውም፣ ዝም ብሎ ይመጣል። አሁን ሲመጣ ያ የጥጥ ክር ትዝ ይለኛል። ክሩን አልመለስኩልህም። እሱ የኔ ነው። አመሰግንሃለሁ።

ባለቤትህን የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ በላት፤ አንተ ስታጎነብስ ወገብህ ያምሃል። እማዬ ስለ ትራሱ ከጠየቀች ወገቤን ደግፎልኛል በላት፣ ከትናንት ጀምሮ እውነት ነው። የላፕቶፑን ነገር ግን አታንሳባት። ለባለቤትህ ስለ እውነተኛነቷ ምስጋናዬን፣ ስላጋለጥኳት ይቅርታዬን አድርስልኝ። ድምቡሼን ሁለቱንም ጉንጭ ሳምልኝ፤ አንዱ ብቻ ከሆነ ታኮርፋለች። ማዶ ያለችውን ጎረቤታችንን፣ ማተሚያ ቤት ያሉትን ጓደኞችህን ሰላም በልልኝ።

አንተ ደግሞ ፕሮሰሰሩን መልሰህ ግጠም። የገጠምከው ቀን ደውልልኝ አልልህም። "ገጠምኩት" ብለህ ልትዋሸኝ ትችላለህ፤ እኛ ቤት እንዴት እንደሚዋሽ አውቃለሁ። ሠላሳ ሦስተኛውን ገጽ ላክልኝ።

ታናሽ እህትህ

ከመቁረጫው ክፍል፣ ከመስኮቱ አጠገብ
ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን