አባቴን የቀበረ እጅ

ሂሻሜ፣

ላሊበላ ለቱሪስት ስንሸጠው ከኖርነው የቤተ ጊዮርጊስ ፖስት ካርድ አንዱን ይዤ መጥቼ ነበር። ስጽፍበት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

እዚህ ኡጋንዳ፣ ስሜን ደረቴ ላይ ለጥፌ የሞርሞንን ሃይማኖት ቤት ለቤት እሰብካለሁ። ማክሰኞ ዕለት፣ በየሳምንቱ ውሃ የምንቀዳላቸው ሽማግሌ ሞቱ። ዘመድ የላቸውም። እኔና አብሮኝ የሚያገለግለው የቶንጋ ልጅ ክራባታችንን ፈትተን መቃብራቸውን ቆፈርን። አፈሩ ለስላሳ ስለሆነ ብዙም አልቆየንም፤ መዳፌ ግን ውሃ ቋጠረ።

ያን ጊዜ አንተ መጣህብኝ። አባቴ ሲሞት አለቆቼ "ከፈለግህ ሂድ" ብለውኝ ነበር። አገልግሎቴን አላቋርጥም ብዬ የቀረሁት እኔው ነኝ። የቅሬው እድርተኛ ለቀብር ሲወጣ "የልጁን ድርሻ እኔ እቆፍራለሁ" ብለህ ዶማውን እንደተቀበልክ እናቴ በስልክ ነገረችኝ። የእኛ አገር መሬት ደግሞ ድንጋይ ነው። እጅህ ደምቶ ነበር አሉ፤ አንተ አንድም ቀን አላነሳህብኝም።

ቦታው አለቀብኝ። እናትህን እትዬ ዙልፋን ሰላም በልልኝ፤ እናቴ ጋም ጎራ በል። የእኩያ እጅ መሳም ደንባችን አይደለም፤ እኔ ግን ከዚህ ሆኜ ያንተን ስሜያለሁ።

አራጋው