የተረኛ ወንበር

ውድ አባዬ፣

ውሻህ አርጅቷል። ጆሮው ከብዷል፤ መኪና ጥሩንባ ቢነፋበት ዞር ብሎም አያይ። አንተ ብትኖር «ኩሩ ነው እንጂ ደንቆሮ አይደለም» ትል ነበር።

ስሙን እንዴት እንዳገኘ ለልጄ ስነግራት በሳቅ ፍርስ ትላለች። ፀጉር ቤትህ በር ላይ የተጣለ ቡችላ ነበር። አንድ ቀን «ተረኛ!» ብለህ ስትጣራ፣ ወረፋ የያዙት ሽማግሌ ጋዜጣቸውን አጥፈው እስኪነሱ እሱ ቀድሞ ወንበሩ ላይ ጉብ አለ። «እኔ እያለሁ ውሻ?» ብለው ተቆጡ። «ምን ላድርግ ጌታዬ፣ እሱ ተራውን አላሳለፈም» አልካቸው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተረኛ ሆነ፤ በሌላ ስም ብንጠራው እምቢ አለ።

ያኔ ምሽት ላይ እኔና ውሻው ከሣሩ ሜዳ ስንመለስ፣ ሱቁን ከመዝጋትህ በፊት ነጩን ጨርቅ ታራግፍና «ተረኛ!» ትላለህ። መጀመሪያ ውሻው፣ ቀጥሎ እኔ። ጆሮ ጀርባ፣ ማጅራት፣ ብብት፣ የጉልበት እጥፋት። ጣቶችህ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። መዥገር ካገኘህ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዘህ፣ ሳትጠመዝዝ ቀስ አድርገህ ትስበዋለህ፤ ከዚያ ቦታውን ታጥባለህ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ብቅ ብላ «ጋዝ ጠብ አድርግበት፣ ራሱ ይለቃል!» ስትል፣ «ጋዝ ለፋኖስ ነው እቴ፤ የልጄ አንገት ፋኖስ መሰለሽ?» ትላታለህ።

እኔ ደግሞ ምንም ሳይኖርብኝ «ደግመህ እይ» እልህ ነበር። እጅህ ደስ ስለሚለኝ ነው። አንተም ገብቶህ ደግመህ ታያለህ። «መዥገሯስ አንቺ ነሽ፤ በምን ወረንጦ ልንቀልሽ?» ትለኛለህ።

አንተ ካረፍክ በኋላ ወንበሩን አንሶላ አለበስነው። ማንም አልተቀመጠበትም፤ «ተረኛ!» ብሎ የሚጣራም ጠፋ።

በቀደም ልጄን ትኩሳት ያዛት። ራሴን አለች፣ ምግብ አስጠላት። ብርድ ነው ብለን ደራርበን አለበስናት፤ ትኩሳቱ ግን አልወርድ አለ። ፀጉሯን ላበጥርላት ስል ጣቴ ሳላዘው ጆሮዋ ጀርባ ሄደ። እዚያ ምስር የሚያህል ነገር ነካሁ። አባዬ፣ መዥገር ነበር። ወረንጦህን ከመሳቢያው አውጥቼ አንተ እንደምታደርገው ነቀልኩትና ልጄን ታቅፌ ወደ ሐኪም ሮጥኩ።

«መዥገር ነቅዬባታለሁ» ስላት ሐኪሟ «እንኳን ነገርሽኝ! አለበለዚያ ሌላ ሌላውን ስፈልግ እቆይ ነበር» አለችኝ። ደሟን አስመርምራ መድኃኒት አዘዘችላት።

ባለቤቴ የልጁ ነገር አይሆንለትም። «ውሻው ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይውጣ!» አለ። ምን ልበለው? ልጄ ልጄ ናት። ግን ካንተ የቀረኝ የሚተነፍስ ነገር ደግሞ እሱ ነው። እያለቀስኩ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ይዘነው ሄድን።

እሱም «መዥገሩ የሚጠብቃችሁ ሣሩ ውስጥ ነው» አለ። «ውሻውን ብታባርሩ ልጅቷ ሣር ላይ መጫወት ታቆማለች? ለእሱ መከላከያውን ጊዜውን ጠብቃችሁ አድርጉለት። እናንተ ደግሞ ከሜዳ በመጣችሁ ቁጥር ተፈታተሹ።»

«ማን ነው በየቀኑ የሚፈትሸው?» አለ ባለቤቴ።

«እኔ» አልኩ።

ልጄ ተሽሏት እንደ ልቧ መሮጥ ስትጀምር አንሶላውን ገፈፍኩት። ወንበሩ ሲዞር ያው ሲጢጥ ይላል። ነጩን ጨርቅ አራገፍኩና «ተረኛ!» ብዬ ተጣራሁ።

ያ ጥሩንባ የማይሰማው ውሻህ ከደጅ ተነሳ! እየተጎተተ መጣ፤ ግን ወደ እኔ አይደለም። ወንበሩን ዞሮ አንተ የምትቆምበትን ቦታ አሸተተ፣ አሸተተ። ሲያጣህ ተመለሰና፣ መውጣት ስላልቻለ አገጩን እግር ማሳረፊያው ላይ ጣል አደረገ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ፈተሽኩት። ቀጥሎ ልጄን። ባለቤቴ እንኳ ኮሌታውን ዝቅ አድርጎ ወረፋ ያዘ።

ከዚያ ልጄ በርጩማ ላይ ወጥታ፣ ወረንጦውን እንደ ባለሙያ ይዛ «ተረኛ!» ብላ ጮኸች። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ተቀመጥኩ። ትንንሽ ጣቶቿ ጆሮዬን አጥፈው ማጅራቴን ሲዳስሱ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

«ምንም የለብሽም እማዬ፤ ጨረስኩ» አለችኝ።

«ደግመሽ እይ» አልኳት።

እስከ ዛሬ ያልተነቀለችው፣
መዥገርህ